ጭላዳዋ ስንት ዓመት ታርፋለች?

  

የዛሬው ጨዋታችን መነሻ አንዲት አያት ያነሱልኝ ጥያቄ ነው። «ሲስተር፣ የምራቴ ልጅ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ጡት ታጠባዋለች። ሰሞኑን አላስበላ አላስጠጣ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄዳ ብትመረመር የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ አሏት። በእኛ ጊዜ የምታጠባ ሴት መች ታረግዝ ነበር? ምን ዘመን መጣ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በየጤና ጣቢያው በረንዳ፣ ከአማትም ከምራትም አፍ ስሰማው ኖሬአለሁ።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ትንሽ ዳገት ላስወጣችሁ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ቀይ ቀበሮ አወላለድ ነው። «ደግሞ ሰውንና ዝንጀሮን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

የተራራው ጎረቤቶቻችን

የምኖረው ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በነአኩቶ ለአብ አካባቢ ነው። ለመሳለም የመጣችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከገደል ሥር፣ በዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመኑም ለጠበል ይወስደዋል። ከላሊበላ በላይ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ከፍታው ከ4,200 ሜትር ያልፋል፤ ጓሳ የለበሰ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። እዚያ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙ ሁለት እንስሳት ይኖራሉ፦ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ።

ለክትባት ወደ ተራራው ሥር ቀበሌዎች ስንወጣ፣ ጭላዳዎቹ በሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ እናያቸው ነበር። ጭላዳ እንደ ሌላው ዝንጀሮ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ አይደለም። ኑሮው በሣር ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች መካከል ሣር ግጦ የሚኖር ዛሬ እሱ ብቻ ቀርቷል። ቀን ሜዳ ላይ ውሎ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። ቤተሰቡ አንድ አውራ ወንድና ጥቂት እንስቶች ያሉበት ነው። እንስቶቹ ብዙውን ጊዜ እናትና ልጅ፣ እኅትማማች፣ አክስትና የእኅት ልጅ ናቸው።

አንድ ቀን ከእኛ ጋር የወጡ የአካባቢው ሽማግሌ ወደ አንዲት እመጫት ጭላዳ ጠቆሙኝ። «ሲስተር፣ እያት እስቲ ይቺን። እሆዷ ላይ የተለጠፈው ጥቁሩ የዘንድሮ ነው። አጠገቧ የሚላፋው ቡናማው ደግሞ የካቻምናው ነው። የአምናውን ፈልገሽ አታገኚም» አሉኝ። ጭላዳ ሲወለድ ጸጉሩ ጥቁር ነው፤ እያደገ ሲሄድ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሽማግሌው ፊደል የቆጠሩ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ያሉኝን ነገር ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን እናት በስም ለይተው መዝግበው ነው የደረሱበት።

ሁለት ዓመት ተኩል

የጭላዳን አወላለድ በተመለከተ የተሻለ ዕውቀት ያገኘነው ከሁለት ቦታዎች ነው። አንደኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በሁለቱም ቦታዎች ከ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመራማሪዎች የአካባቢውን ተወላጆች ይዘው ጭላዳዎቹን ከጠዋት እስከ ማታ ሲከታተሉ ቆይተዋል።

ያገኙት ይህን ይመስላል። እንስቷ ጭላዳ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ስድስትና ሰባት ዓመት አካባቢ ሲሆናት ነው። እርግዝናዋ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው። ከአንዱ ወሊድ እስከ ሚቀጥለው ያለው ጊዜ ደግሞ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ከሁለት ዓመት ተኩሉ ላይ የእርግዝናውን ስድስት ወር ቀንሱ። የሚቀረው ሁለት ዓመት ነው። ማለትም ጭላዳዋ ከወለደች በኋላ እንደገና እስክትፀንስ ሁለት ዓመት ያህል ታርፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ልጅ እናቶች የሚመክረው ስንት ይመስላችኋል? አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ቀጣዩን ከመፀነሷ በፊት ቢያንስ 24 ወር ትቆይ ነው የሚለው። ሁለት ዓመት! እኛ በጤና ትምህርት ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስንለፈልፍለት የኖርነውን ቁጥር ተራራ ላይ ያለችው እናት ማንም ሳይነግራት ትጠብቀዋለች።

እንዴት ጠበቀችው? ሚስጥሩ ጡት ነው። ግልገሉ ጡቱን ሲስብ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ፕሮላክቲን የሚባለውን ወተት የሚያመርተውን ሆርሞን ይለቃል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ዕንቁላል እንዲበስል የሚያዙትን ሆርሞኖች ጋብ ያደርጋል። ዕንቁላል ካልበሰለ ጽንስ የለም። ግልገሉ ቀንም ሌሊትም እናቱ ላይ ተለጥፎ፣ ባሰኘው ጊዜ ስለሚጠባ መልእክቱ አይቋረጥም። ግልገሉ እያደገ ሣር መንጨት ሲጀምርና መጥባቱን ሲቀንስ የእናቲቱ ሰውነት ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በደረቷ ቀይ ቆዳ ዙሪያ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ብቅ ይላሉ፤ ለመፀነስ መዘጋጀቷን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የሚጠባው ልጅ ቢሞትባት ግን ወተቷ ይነጥፍና ሁለት ዓመት ሳትጠብቅ ወደ መፀነስ ትመለሳለች።

ይህ የጭላዳ ብቻ ጠባይ አይደለም። ባሕር ውስጥ የሚኖረውን ዶልፊን ተመልከቱ። ዓሣ ይመስላል እንጂ እንደ እኛ ወልዶ የሚያጠባ ፍጡር ነው። እርግዝናው ዓመት ይሞላል። የሚወልደው አንድ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በጭራው በኩል ይወጣል። እኛ አዋላጆች በእግሩ የሚመጣ ልጅ ስናይ የምንደነግጠው ለዶልፊን የተለመደ ነው ማለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሻርክ ቤይ በሚባል የባሕር ወሽመጥ የሚኖሩ ዶልፊኖች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸዋል። እዚያ አንድ ዶልፊን ሦስት አራት ዓመት ጡት ሊጠባ ይችላል፤ እናቲቱም ከወሊድ ወሊድ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ትቆያለች። የምትወልደው አንድ፣ የምታሳድገውም በራሷ ጉልበት ከሆነ፣ እናት ረጅም ዕረፍት ያስፈልጋታል።

የእኛስ ወተት አይከላከልም?

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። እትዬ፣ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የሰው ልጅ ወተትም እርግዝናን ይከላከላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ልጁ ከስድስት ወር በታች መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የእናቲቱ የወር አበባ ከወሊድ በኋላ ተመልሶ ያልመጣ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ልጁ ከጡት በቀር ሌላ ምንም የማይወስድ፣ ቀንም ሌሊትም በፈለገ ጊዜ የሚጠባ መሆን አለበት። ውኃም ቢሆን፣ አብሽም ቢሆን፣ የላም ወተትም ቢሆን ሌላ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ ከመቶ እናቶች 98ቱ በእነዚያ ስድስት ወራት አያረግዙም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ዋስትናው አለቀ።

የምራትዎን ነገር በዚህ ያስሉት። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ እርግዝናው ሦስት ወር ነው። የፀነሰችው ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው አካባቢ ነው ማለት ነው። ልክ ተጨማሪ ምግብ ሲጀምርና መጥባቱ ሲቀንስ፣ የወተቱ አጥር በተከፈተበት ሰዓት። ምናልባት «የወር አበባዬን እኮ ገና አላየሁም» ትል ይሆናል። ውሸቷን አይደለም። ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው ዕንቁላል የሚወጣው የመጀመሪያው የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አበባዋን ሳታይ ትፀንሳለች።

«በእኛ ጊዜስ?» ላሉት፣ በእናንተ ጊዜ ልጅ አንቀልባ ውስጥ ውሎ፣ ሌሊት እናቱ ጉያ አድሮ፣ በየደቂቃው ጡት ይጎትት ነበር። ዛሬ እናቲቱ ገበያ ትሄዳለች፣ ቢሮ ትውላለች፣ ጡጦው ይገባል። ያም ሆኖ በእናንተም ጊዜ ቢሆን ዓመት በዓመት የወለዱ ጎረቤቶች እንደነበሩ ቢያስታውሱ አያጡም። ያልረገዙትን እናስታውሳለን፤ ያረገዙትን «የእሷ ነገር» ብለን እናልፋለን።

ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? ምራትዎን ማንም እንዳይወቅሳት። ለሁለት ነፍስ የሚሆን ምግብ ይቅረብላት፤ ከተለመደው ማዕድ ላይ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ገበታ። ክትትሏን ቶሎ ትጀምር፤ የሚሰጣትን የአይረን ፎሌት እንክብል ሳታቋርጥ ትውሰድ። «የእርጉዝ ወተት ልጁን ይመርዘዋል» ተብሎ ጡቱ በአንድ ቀን እንዳይቋረጥ። እናቲቱ ደኅና እስከሆነችና የመድማት ወይም ያለጊዜው የመውለድ ሥጋት እስከሌለባት ድረስ በእርግዝና ጊዜ ማጥባት በአብዛኛው ችግር የለውም። ክትትል የምታደርግላት ባለሙያ ትመክራታለች። የዘጠኝ ወሩ ልጅ ጡቱን ድንገት ሲነጠቅ ነው የሚከሳው።

ወሊድ ሲቀራረብ ምን እንደሚያመጣ ግን ልደብቃችሁ አልችልም። እናቲቱ ያጣችውን ደም ሳትተካ ሌላ ጽንስ ትሸከማለች፤ ደም ማነስ ይይዛታል። ሁለተኛው ልጅ ጊዜው ሳይደርስ የመወለድና ክብደቱ አነስተኛ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። አዎ፣ ዕድልም አለ። ነገር ግን ያን ዕድል ተሸክማ የምታሳድገው እናቲቱ ናት፤ ጉልበቷ ካለቀ የልጁ ዕድልም አብሮ ያልቃል።

አውራው ሲለወጥ

በጭላዳ ቤት ሁሌ ሰላም የለም። አውራው በዕድሜ ሲደክም ወይም ጠንካራ ጎረምሳ ሲመጣበት ጠብ ይነሣል። ጎረምሳው ካሸነፈ ቤተሰቡን ይወርሳል። የመጣው አውራ የቀድሞውን ጨቅላዎች ሊገድል ይችላል፤ ምክንያቱም እናቲቱ የምታጠባው ከሌላት ቶሎ ተመልሳ ትፀንስለታለች። ከላይ ያየነው የወተት ነገር እዚህም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ተራሮች ከተሠራ ጥናት የወጣው ውጤት ደግሞ ብዙ ሳይንቲስቶችን አስገርሟል። ተመራማሪዎቹ የእንስቶቹን ኩስ እየሰበሰቡ ሆርሞኑን ሲለኩ፣ አውራው በተለወጠባቸው ቤቶች ከነበሩት እርጉዞች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል በሳምንታት ውስጥ ጽንሱን አጥተዋል። ማንም ሳይመታቸው፣ ሰውነታቸው ራሱ እርግዝናውን አቋረጠ። ቢወለድም በአዲሱ አውራ ሊገደል የሚችል ልጅ ነበር።

በመንዝ ጓሳ ደግሞ ልጃቸው የሞተባቸው እናቶች ሬሳውን ይዘው ሲዞሩ ታይተዋል። አንዳንዶቹ ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዶቹ ለቀናት፣ አንዷ እስከ 48 ቀን ድረስ። ያን ሳነብ ሞቶ የተወለደ ልጅ ገጥሟቸው፣ «አታልቅሺ፣ ነፍስ ያልዘራ ነው» የተባሉ እናቶች ፊት ነው የመጣብኝ። እስቲ ዝንጀሮዋ እንኳ ሐዘኗን 48 ቀን ትሸከመው ካለች፣ የእኛን ሴት ልጅ በማግስቱ «ተነሺና እንጀራ ጋግሪ» ማለት ተገቢ ነው?

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። የጭላዳዋን ነገር ወስዳችሁ ጽንስ የወረደባትን ሴት «ደንግጣ ነው፣ ተናዳ ነው፣ ራሷ ናት» እንዳትሏት። የእኛ አካል እንደ ጭላዳ አይሠራም። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ እየሰሙ፣ በእግራቸው እየተሰደዱ ቆይተው ልጃቸውን በሰላም የታቀፉ እናቶች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የሚወርዱት ገና ሲፀነሱ ባጋጠመ የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ያን ደግሞ ማንም ሴት በቁጣዋም በድንጋጤዋም አላመጣችውም።

በአገራችን «ሾተላይ» እየተባለ ተስፋ የሚቆረጥበትም አለ። ልጅ እየተወለደ ወይም በሆድ እያለ ሲሞትባት «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ከዚህ አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው። የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደኅና ይወለድና የእናቲቱ ደም የሚከተሉትን ልጆች ደም ያጠቃል። መፍትሔ አለው። በእርግዝና ክትትል ላይ የደም ዓይነቷ ይመርመር። ኔጌቲቭ ከሆነች በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ጽንስ ከወረደባትም እንዲሁ ባለሙያ ትጠይቅ። ጽንስ ከወረደባት በኋላ ደግሞ እንደገና እስክትፀንስ ቢያንስ ስድስት ወር ብትቆይ ይመከራል።

ብቻዋን የምትወልድ፣ በወገን የምታሳድግ

ዝንጀሮ በቀን ሲወልድ ማየት ብርቅ ነው። በመንዝ ጓሳ ግን አሥር ዓመት ገደማ በፈጀ ክትትል 15 የቀን ወሊዶች በዓይን ታይተው ተመዝግበዋል። ከእነዚያ 13ቱ በሕይወት፣ 2ቱ ሞተው የተወለዱ ናቸው። እኔን በተለይ የሳበኝ እናቶቹ በአብዛኛው ብቻቸውን መውለዳቸው ነው። ቆም ብላ፣ ጎንበስ ቁጢጥ እያለች ታምጣለች። አዋላጅ የላትም፤ የሚደግፋት የላትም።

የሰው እናት ይህን አትችልም፤ ወይም ብትችል በዕድል ነው። የልጃችን ጭንቅላት ትልቅ ነው፤ የእናት ዳሌ ደግሞ ቀጥ ብሎ ለመሄድ የተሠራ ጠባብ ነው። ልጁ በመንገዱ ላይ መዞር አለበት፤ ሲወጣም ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ አዙሮ ነው። እናቲቱ ራሷ ልጎትተው ብትል አንገቱን ወደ ኋላ ትቀለብሰዋለች። ሌላ እጅ የግድ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ደግሞ እናት ከወለደች በኋላ ደም ሲፈስሳት፣ የሚያስቆም መርፌና የሠለጠነ ሰው ካላጠገቧ ሰዓታትም አይፈጅም። ሥራ ላይ ሳለሁ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች ጋር ሲነጻጸር በእርግዝናና ወሊድ የሚሞቱ እናቶች 871 ነበሩ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተቋም የሚወልዱት ከመቶ 26 ሲደርሱ፣ የሚሞቱት ወደ 412 ወርደዋል። ጤና ኬላ በየቀበሌው ተከፍቶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ለወለደችው ገንፎ እየተገነፋ የመጣ ለውጥ ነው። 412 ግን አሁንም ብዙ ነው፤ እያንዳንዷ የአንድ ቤት እናት ናት።

አሁን ደግሞ በዚያው ተራራ ያለችውን ቀይ ቀበሮ ተመልከቱ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም፤ ጥቂቶቹ በእኛው አቡነ ዮሴፍ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ በተቃራኒ በየዓመቱ ትወልዳለች። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት፣ ከሁለት ወር እርግዝና በኋላ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ቡችሎች ትጥላለች። ታዲያ እንዴት ቻለችው? ምክንያቱም ብቻዋን አይደለችም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በደንቡ የምትወልደው አንዲት እመቤት ናት። የቀሩት ሁሉ፣ አባትም፣ ታላላቅ ልጆችም፣ አክስቶችም፣ የእሷን ቡችሎች ያሳድጋሉ። በየፊናቸው አይጥ አድነው ይመጡና ከሆዳቸው መልሰው ያጎርሷቸዋል። ጉድጓዱን ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ሌላይቱ እንስት ጡቷን ትሰጣቸዋለች። ቡችሎቹም በአሥር ሳምንት ጡት ይተዋሉ።

እነዚህ ሁለት እናቶች የሚኖሩት በአንድ ተራራ ላይ ነው። አንዷ ልጇን በራሷ ሆድና ጀርባ ስለምትሸከም ሁለት ዓመት ታርፋለች። ሌላይቱ በየዓመቱ ብትወልድም ሸክሙን አሥር እግር ይካፈልላታል። በተራራው ላይ የሌለው አንድ ነገር ነው፦ በየዓመቱ እየወለደች ብቻዋን የምታሳድግ እናት። እንዲያ ያለችውን የማገኛት በእኛ ቤት ነው።

የአያቶች ድርሻ

እንግዲህ አያቶች፣ ወላጆች፣ ይህ ሁሉ የተወራው ለእናንተ ነው። በእኛ አገር የምራትንና የሴት ልጅን ወሊድ የሚወስነው ሐኪም አይደለም፤ የእናንተ አንደበት ነው። «ለልጁ ታናሽ አታመጪለትም ወይ?» የምትሉት በቀልድ ይሆናል። እሷ ግን ሌሊቱን ስታስበው ታድራለች። ያን ቃል ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪያከብር ድረስ በልባችሁ አቆዩት።

አባቶች ደግሞ፣ ወንድ ልጃችሁን ጠርታችሁ ምከሩት። ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ባልና ሚስት አብረው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለምታጠባ እናት የሚስማማ የቤተሰብ ዕቅድ ዘዴ አለ፦ ክንድ ሥር የሚቀበረው፣ ሉፑ፣ ከወሊድ ስድስት ሳምንት በኋላ የሚጀመረው መርፌ። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት እንክብል ግን ወተት ሊቀንስ ስለሚችል ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው አይመከርም። በመንግሥት ጤና ተቋማት አገልግሎቱ በነፃ ነው።

አያቶች፣ የአራስ ቤት ሥርዓታችሁን አትተዉት። አርባውና ሰማንያው ቀን ከክርስትናው በተጨማሪ ለእናቲቱ ትልቅ ዕረፍት ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እይዘዋለሁ» ማለቱ፣ ቀይ ቀበሮዋ ያላት እሱ ነው። ከሰማንያው ቀን በኋላም አይቋረጥ። ውኃ የሚቀዳላት፣ ታላቁን ልጅ ይዞ የሚያጫውትላት ሰው ያላት እናት ለሁለተኛው ልጅም ጉልበት ይኖራታል። ወተትን ከማጠናከር አልፎ ደግሞ ለጨቅላው ምንም እንዳታቀምሱት፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ።

ምጥ ሲጀምራት ደግሞ ብቻዋን እንዳትተዉአት። እናንተ አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ማዋለዱን ለሠለጠነው እጅ ስጡት፣ እናንተ እጇን ይዛችሁ አበርቷት። ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ወሩ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ትግባ፤ ሽሮውንና በርበሬውን ቋጥራችሁ ስጧት።

እናንተም ወደ አቡነ ዮሴፍ ወይም ወደ ሰሜን፣ ወደ ጓሳ የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጭላዳዎቹን ፈልጉ። ጥቁሩን ከሆዷ፣ ቡናማውን ከአጠገቧ አሳዩአቸው። ከዚያ በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት እንዳለ እነሱ ራሳቸው ይቁጠሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ልጆች የሆድ ትላትልና ስለ ጥፍር ንጽሕና እንጨዋወታለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።